ያልፈረምኩት ውል ላልከኝ ልጄ

ይድረስ ለውድ ልጄ ለናትናኤል፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። አባትህም እህትህም ሰላም ብለውሃል። ደሴ ብርዱ ጠንክሯል። አክስትህን ሳምልኝ።

እሑድ በስልክ ያጫወትከኝ ነገር ከልቤ አልወጣ ብሏል። በጽሑፍ የምመልስልህ አንድም ነገሩ ረጅም ስለሆነ፣ አንድም ደጋግመህ እንድታነበው ስለምፈልግ ነው። ሁለት ነገር ነበር ያልከኝ። አንደኛው ጥያቄ ነው። «መምህራችን ስለ ማኅበራዊ ውል አስተማሩን፤ እኔ ግን ምንም ውል አልፈረምኩም፣ መርጬም አላውቅም፤ ታዲያ ሕጉ እኔን የሚጠይቀኝ በምን መብቱ ነው?» አልከኝ። ሁለተኛውን የነገርከኝ እየሳቅህ ነው። ከኳስ ስትመለሱ ጓደኛህ የወረወረው ድንጋይ የሚኒባሱን ፓራብሬዛ ሰብሮ፣ ፍንጣሪው የረዳቱን ግንባር ሰንጥቆታል። ወርዋሪው 15 ዓመት አልፎታል። ስለዚህ ተማክራችሁ፣ ፖሊስ ሲጠይቅ «እኔ ነኝ» እንዲል የመረጣችሁት ገና 14 ዓመቱ የሆነውን ልጅ ነው። «እሱ ምንም አይሆንም፣ ሕጉ ይራራለታል» አልከኝ።

ጥያቄህ ደስ ብሎኛል። ሳቅህ ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። ሁለቱ ነገሮች ለአንተ የተለያዩ መስለውህ ይሆናል፤ ለእኔ ግን አንድ ናቸው፤ ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

ከጥያቄህ ልጀምር። እውነትህን ነው፣ አልፈረምክም። እኔም አልፈረምኩም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ሲጸድቅ እኔ ራሴ ልጅ ነበርኩ፤ ማንም አልጠየቀኝም። ስለ ማኅበራዊ ውል የጻፉት ፈላስፎችም ልጅ ላይ ሲደርሱ መንገዱ ይጠብባቸዋል። መንግሥት የሚቆመው በተገዢዎቹ ፈቃድ ነው ካሉ፣ ፈቃዱን መስጠት የማይችለውን ልጅ ምን ያድርጉት? እንግሊዛዊው ጆን ሎክ ከ300 ዓመት በፊት የሰጠው መልስ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። ልጅ ነፃ ሆኖ ይወለዳል፤ ነፃነቱን የሚሠራበት ግን ማመዛዘን ሲችል ነው፤ እስከዚያ ወላጅ በልጁ ላይ ሥልጣን የሚኖረው የመንከባከብ ግዴታ ስላለበት ብቻ ነው ይላል። አባት በገባው ውል ልጁን አስሮ ሊያስረክብ እንደማይችልም ይናገራል። ግዴታው ቀድሞ ሥልጣኑ ይከተላል ማለት ነው። የማያሳድግ አባት፣ የማያስተምርና የማይጠብቅ መንግሥት፣ ልጁን «ታዘዘኝ» የሚልበት አፍ የለውም። ይህን አንድ ነገር ከያዝክልኝ ሌላው ይቀልልሃል።

የእኛን ሰፈር ዕድር ታውቀው የለ? በተወለድክ ጊዜ ማንም ስምህን ለብቻው መዝገብ ላይ አላሰፈረም፣ መዋጮም አልጠየቀህም። ነገር ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ የዕድሩ ሰው ነህ። ክፉ ነገር ቢደርስብን ድንኳኑ ይተከላል፣ ለቀስተኛው ይቀመጣል። ከፍ ስትል ወንበር ታመላልሳለህ፣ ውኃ ትቀዳለህ፤ ይህን አንተም ስታደርገው ነበር። የራስህን ቤት ስትመሠርት ደግሞ በስምህ ትመዘገባለህ፣ ትከፍላለህ፣ ስብሰባ ላይ እጅህን አውጥተህ ትናገራለህ። ሕግም ወደ ልጅ የሚመጣው እንዲሁ ደረጃ በደረጃ ነው። በመጀመሪያ ይሰጠዋል፣ ቀጥሎ ትንሽ ይጠይቀዋል፣ በመጨረሻ ሙሉ አድርጎ ያስገባዋል።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የምነግርህ፤ እንደምታውቀው ሥራዬ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ነው፣ መዝገቦቹ በእጄ ያልፋሉ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕጋችን ሦስት ደጃፍ አለው። 9 ዓመት ያልሞላውን ሕፃን ጨርሶ በወንጀል አይጠይቅም፤ ጉዳዩን ለቤተሰቡ፣ ለትምህርት ቤቱና ለአሳዳሪው ይተወዋል። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለውን ይጠይቃል፣ ነገር ግን እንደ ትልቅ ሰው አይቀጣውም፤ ከትልልቅ እስረኞች ጋር ማሰርም ክልክል ነው። ከ15 በላይ ሆኖ 18 ያልሞላውን ደግሞ በመደበኛው ሕግ ይዳኘዋል፤ ዳኛው ዕድሜውን አይቶ ቅጣቱን ሊያቀልለት፣ ብስለቱ ገና ከሆነም ለታናናሾቹ የተደነገገውን እርምጃ ሊወስንለት ይችላል። የሞት ቅጣት ግን ወንጀሉን ሲፈጽም 18 ዓመት ባልሞላው ሰው ላይ ፈጽሞ አይፈረድም።

እናንተ «ምንም አይሆንም» ያላችሁት ልጅ ያለው መካከለኛው ላይ ነው። ምን እንደሚገጥመው ታውቃላችሁ? የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት እንደሚለው ፖሊስ ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወዳለ ፍርድ ቤት ሊያደርሰው ይገባል። ጉዳዩ የሚታየው በአደባባይ ችሎት ሳይሆን በዳኛው ጽሕፈት ቤት ነው። የሚገቡት ወላጁ፣ ምስክሮችና ባለሙያዎች ናቸው። ቤተሰብ ካልቀረበለት ጠበቃ ይቆምለታል። ዳኛው ስለ ልጁ ቤተሰብ፣ ስለ አስተዳደጉ፣ ስለ ትምህርቱና ስለ ጠባዩ ይመረምራል። ከዚያ በኋላ ሊገሥጸው፣ የሚከታተለው ሰው ሊመድብለት፣ በትምህርት ቤት ወይም በቤት ተወስኖ የተሰጠውን ሥራ እንዲሠራ ሊያዝዘው፣ ወይም ወደ ጠባይ ማረሚያ ሊልከው ይችላል። እዚያ የገባ ልጅ ከትምህርቱም ከእናቱም ተለይቶ ይከርማል። እንዲህ ያለ ተቋም ደግሞ በሀገራችን በጣም ጥቂት ነው፤ ከቤቱ ርቆ የተላከ ልጅ ጠያቂ የሚያገኘው ስንቴ ነው?

ልጄ፣ ይህ ሁሉ ርኅራኄ የተሠራው ያጠፋውን ልጅ ለማወቅ ነው። ለምን ወረወረ? ማን አየው? ቤቱ ምን ይመስላል? ተብሎ ይጠየቃል። ያላጠፋ ልጅ ገብቶ ሲቀመጥ ግን ዳኛው የሚመረምረው የሌላ ሰው ጥፋት የተጫነበትን ሕይወት ነው። የወረወረው ልጅ ሳይገሠጽ፣ ሳይጠየቅ፣ የሚይዘው እጅ ሳያገኝ ይቀራል። ትንሹ ልጅ ደግሞ ለፍርድ ቤት ሐሰት መናገርን ከእናንተ ተምሮ ይወጣል። ሕጉ ያደረገለትን ምሕረት ከእጁ ወስዳችሁ ለሌላ ሰው ሰጣችሁበት። እናንተ ከእሱ የምትበልጡት በአንድ ዓመት ቢሆንም፣ በዚያች ዓመት ተመክታችሁ ትልልቅ ሰዎች በትንንሾች ላይ የሚያደርጉትን አድርጋችኋል። ሌላውን ልጅ ግድግዳ እንዲያዘልል የሚልክ፣ ዕፅ የሚያስይዝ ትልቅ ሰውም «አንተ ልጅ ነህ፣ ምንም አይሉህም» እያለ ነው የሚልከው። ይህን ቃል በመዝገብ ላይ አንብቤዋለሁ። ከአንተ አፍ ስሰማው የደነገጥኩት ለዚህ ነው።

ሌላም ያላሰብከው ነገር አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንቀጽ 2124፣ አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ላደረሰው ጉዳት አባቱ ኃላፊ ነው ይላል፤ ልጁ በእናቱ እጅ ከሆነ ደግሞ ኃላፊነቱ ወደ እናት ይዞራል። የዚህን ልጅ እናት እንጀራ ጋግራ እየሸጠች እንደምታሳድገው አንተው ነህ የነገርከኝ። የፓራብሬዛው ዋጋና የረዳቱ ሕክምና የሚወድቀው በእሷ ላይ ነው። የአባት ዕዳ ለልጅ ሲባል ሰምተህ ታውቃለህ፤ እዚህ ግን የሌላ ሰው ልጅ ዕዳ ወደ ድሃ እናት ሊሄድ ነው። ይህን ስትስማሙ ከመካከላችሁ አንድ ሰው እንኳ ስሟን ጠርቶ ነበር?

አሁን ወደ ቅሬታህ ልመለስ፤ ቅሬታህ ከንቱ ነው አላልኩምና። 15 ዓመት ላይ የተሰመረው መስመር እኔንም ያስቆጣኛል። አንድ የ16 ዓመት ልጅ መምረጥ አይችልም፤ ሕገ መንግሥቱ የመምረጥ መብትን የሚሰጠው በ18 ነው። ያለ ሞግዚቱ ቤት መከራየት፣ ንብረት መሸጥ አይችልም። ያለ ልዩ ፈቃድ ማግባትም አይችልም። በእነዚህ ሁሉ «ገና አልበሰልክም» የሚለው ሕግ በወንጀል ጊዜ «ና፣ እንደ ትልቅ ሰው ቁም» ይለዋል። ለታናሹ የተደነገገው ዝግ ችሎት፣ ልዩ ሥነ ሥርዓት፣ ወዲያው ፍርድ ቤት የመድረስ ጥበቃ የተጻፈው ከ9 እስከ 15 ላለው ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት ሕፃን የሚለው 18 ዓመት ያልሞላውን ሁሉ ነው፤ ሕገ መንግሥታችንም የተቀበልናቸው ስምምነቶች የሀገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል። እኔ ሕግ አውጪ ብሆን ለ16 እና ለ17 ዓመት ልጆችም ያንኑ ደጃፍ እከፍት ነበር። ከታችም ቢሆን 9 ዓመት እጅግ ትንሽ ነው። የስምምነቱን አፈጻጸም የሚከታተለው ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2019 ሀገሮች የወንጀል ተጠያቂነትን ቢያንስ ከ14 ዓመት እንዲጀምሩ መክሯል። ወንበር ላይ ተቀምጦ እግሩ መሬት የማይነካ ልጅ ስለ ወንጀል ሐሳብ ሲጠየቅ አይቻለሁ፤ የሚመልሰው የጠያቂውን ፊት እያየ ነው።

ይህም ሁሉ ደግሞ ዕድሜው ለታወቀ ልጅ ነው። አንተ በተወለድክበት ወቅት የልደት ምዝገባ በሀገሪቱ ገና በደንብ አልተጀመረም ነበር፤ አዋጁ በ2004 ዓ.ም. ወጥቶ ሥራው በሰፊው የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው። ስለዚህ ብዙ ልጅ ወረቀት የለውም። «ስንት ዓመትህ ነው?» ሲባል እናቱ «የዚያ ዓመት አዝመራ ሲሰበሰብ ነው የወለድኩት» ትላለች። ፍርድ ቤቱ ወደ ሆስፒታል ይልከዋል፤ ሐኪም አጥንትና ጥርስ አይቶ ይገምታል። 15 ዓመት ላይ ሕይወት ለሁለት በሚከፈልበት ሕግ ውስጥ፣ በግምት ወዲያና ወዲህ ማለት ምን እንደሆነ አስበው። በዚህ በእኛ በወሎ ደግሞ የዕድሜው ጉዳይ ሌላ መልክ አለው። ልጅቷ 15 ወይም 16 ሆና ሳለ ዕድሜዋ ተጨምሮ ፓስፖርት ይወጣላትና ለቤት ሠራተኝነት ወደ ሳዑዲ ትላካለች። ሕጉ ውጭ ሀገር ሄዶ ለመሥራት 18 ዓመት የጠየቀው ውል የመዋዋል አቅም ስለሌላት፣ ስለምትጠቃም ነው። ትልልቆቹ ግን በሁለት ቀለም ጠብታ ትልቅ ሰው ያደርጓታል። እዚያ ስትበደል ውሉን የፈረመችው እሷ ትባላለች። ያለ ዕድሜዋ ስትዳርም እንዲሁ ነው፤ ስምምነቱ የቤተሰብ፣ ኑሮው የእሷ። ያለ ዕድሜ ጋብቻ የፈጸመውን ሰው ሕጉ እስከ 3 ዓመት፣ ልጅቷ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት እስራት ይቀጣዋል። ልጅቷን አይቀጣም። ይህ ትክክል ነው፤ የፈቀደች ቢመስልም መፍቀድ የምትችልበት ዕድሜ ላይ አይደለችምና።

እንግዲህ አየህ፣ «አልፈረምኩም» የሚለው ቃል በእነዚህ ልጆች አፍ ሲሆን እውነተኛ ጩኸት ነው። ውሉ ሳይሰጣቸው የጠየቃቸው እነሱ ናቸው። አንተ ግን ክትባት ወስደሃል፣ ትምህርት ቤት ገብተሃል፣ የልደት ካርድህን አባትህ ፈልጎ አስወጥቶልሃል፣ አክስትህ ቤት አልጋ አለህ። ብዙ ተቀብለሃል። ከአንተ የሚጠየቀውም ለዚህ ነው።

ረዳቱን አስበኸዋል? በስልክ ስትነግረኝ «እኛን የሚያክል ልጅ ነው» ብለህ አለፍከው። እኔ አላለፍኩትም። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ያለው በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ደግሞ ፈጽሞ እንዳይሠራ ይላል። ያ ልጅ ግን ገና ሳይነጋ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ» እያለ ይጣራል፣ ማታም የመጨረሻውን ተሳፋሪ አውርዶ ነው የሚተኛ። እናንተ ኳስ ተጫውታችሁ ስትመለሱ እሱ ሥራ ላይ ነበር። ሕጉ ቃል የገባለትን ሰዓት ማን ቆጠረለት? በዚህ ሁሉ ላይ የሚመጣ ድንጋይ ደግሞ ከእኩያው እጅ ነው። ስለ ማኅበራዊ ውል ስትማር ከፈላስፎቹ ከሎክና ከሩሶ በፊት ይህ ልጅ እንዲታይህ እፈልጋለሁ። በዚህ ነገር ውስጥ ሳይፈርም ብዙ የከፈለ እሱ ነው።

ሕግ መስመር ማስመር አለበት፤ የሰውን ልብ ከፍቶ ማየት አይችልምና ዕድሜ ይቆጥራል። 15 ዓመት ከአንድ ቀን የሆነው ልጅ 15 ሊሞላው አንድ ቀን ከቀረው የበለጠ አያውቅም፤ ሕጉም ይህን ያውቃል፣ ግን የሆነ ቦታ መቆም ነበረበት። ሕሊና እንዲህ አይደለም። ሰባት ዓመት ሲሞላህ ጾም ስትጀምር፣ ማንም ሳያይህ ኩሽና ገብተህ ቁራሽ እንጀራ አንስተህ መልሰህ ያስቀመጥከው አንተ ነህ። ማን አስተማረህ? በዚያ ዕድሜ ምንም ሕግ አይጠይቅህም ነበር። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለውን ተረት አልወደውም። ልጅ ቁም ነገር አይወጣውም እያለ ያሳድገዋል፣ ከዚያም ድንገት አንድ ቀን ሙሉ ሰው ሁን ይለዋል። እኔ አንተን በዚህ አላሳደግኩህም፤ ትንሽ ሆነህም ሐሳብህን ጠይቄሃለሁ፣ ያጠፋኸውን ራስህ እንድታስተካክል አድርጌሃለሁ። አሁንም እንደዚያው ነው።

ድንጋዩን አልወረወርክም። በወንጀል ማንም አንተን አይጠይቅህ ይሆናል። ግን ማን እንደወረወረ ታውቃለህ፣ በማን ላይ እንደተላከከም ታውቃለህ። እዚህ ላይ 14 ሆንክ 17 ሆንክ ልዩነት የለውም፤ ማወቅህ ይበቃል።

ለወረወረው ጓደኛህም እንዳዝንለት እንድታውቅ እፈልጋለሁ። ፈርቷል፣ ደግሞም መፍራቱ አይገርምም። ንገረው፦ እንዲህ ያለው ጉዳይ ብዙ ጊዜ ተበዳዩ ከተካሰና ይቅር ካለ በዕርቅ ያልቃል። ባያልቅ እንኳ ዳኛው ፊት ራሱ የቆመ፣ ጥፋቱን ያመነና የካሰ ልጅ ሲቀርብ ቅጣት የሚቀልበት መንገድ ሰፊ ነው። አባቱ ወይም አሳዳጊው አብሮት ይሁን፤ አንድ ጎልማሳ አብሮት ሳይኖር ቃል እንዳይሰጥ። ፖሊስ ጣቢያ ካዋሉት ከትልልቅ ሰዎች ጋር እንዳያስቀምጡት አባቱ በግልጽ ይጠይቅ፤ ወጣት አጥፊዎች ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ያዛል። ይህን ሲጠይቅ ልመና አይደለም፣ መብቱ ነው። ጠበቃ ካስፈለገ ደግሞ ይደውሉልኝ፣ ሰው እጠቁማቸዋለሁ።

ለአክስትህ ነግሬያታለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ከሥራ ትወጣለች። መጀመሪያ ከአንተ ጋር ትንሹ ልጅ ቤት ትሄዳላችሁ፤ እናቱ ባለችበት ጓደኞችህ ያስጠኑትን እንዳይናገር ትነግረዋለህ፣ ይቅርታም ትጠይቃታለህ። ከዚያ የወረወረው ልጅ ቤት። እሱ እሺ ካለ አባቱ ይዞት ይሂድ፤ እምቢ ካለ ግን ፖሊስ አንተን ሲጠይቅህ ያየኸውን ትናገራለህ፣ አክስትህ አጠገብህ ትሆናለች። «አሳልፌ ሰጠሁት» ብለህ እንዳታስብ። አሳልፋችሁ የሰጣችሁት ሌላውን ነበር።

የሚኒባሱን ተራ ታውቀዋለህ። ረዳቱን ፈልጉት። ቁስሉ መሰፋቱንና ክትባት መወጋቱን ጠይቀው፤ ካልሄደ አክስትህ ጤና ጣቢያ ትወስደዋለች፣ ለዚያ የሚሆን ገንዘብ በቴሌብር ልኬላታለሁ። ሥራ ፈትቶ የዋለበትን ቀንም ጠይቁት፤ ካሳው ሲቆጠር እሱም አብሮ ይቆጠርለት። እሱ ራሱ አፍሮ ዝም ሊል ይችላል፣ አንተ ጠይቅለት።

ማታ ደውልልኝ፤ ስንት ሰዓትም ቢሆን አነሳለሁ።

እናትህ፣
ከደሴ